ያረጀው ኮምፒውተራችን፣ ደረሰኙ እና የልጄ ፈተና

ወዳጆች፣ ሰሞኑን ሁላችንም የምናወራው ስለ ትልልቁ ነገር ነው። ስለ ዶላሩ፣ ስለ ወደቡ፣ ስለ ምርጫው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልጽፍ ነው፤ ስለ ቤታችን ኮምፒውተር። ትዕግሥቱ ካላችሁ፣ መጨረሻው ላይ ከትልልቁ ነገር ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

ኮምፒውተራችን ለመነሳት 11 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ግምት አይደለም፣ በስልኬ ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ። አብሪው ተጫንኩ፣ ባለቤቴ ሻዩን ጣደች፣ ወተቱ ገባ፣ ቅመሙ ገባ፣ ፈልቶ ተቀዳ፣ ተጠጣ። ኮምፒውተሩ አሁንም ሰማያዊውን ስክሪን እያሳየ ክቡን ያሽከረክራል። ተነሳ ከተባለ በኋላ ደግሞ አንድ ጽሑፍ ለመክፈት ሌላ ሦስት ደቂቃ። ቤት ውስጥ ስም ወጥቶለት ነበር፤ «ሽማግሌው» እንለዋለን።

ለእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደለመድኩት እኖር ነበር። መምህር ነኝ፤ የዜግነት ትምህርት ነው የማስተምረው፣ ያው ብዙዎቻችሁ ሲቪክስ የምትሉትን። የትምህርት ዕቅድና የፈተና ወረቀት ለማዘጋጀት ሽማግሌው ይበቃኛል። ችግሩ ልጄ ናት። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ደርሳለች። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት እንደጀመረ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ማታ እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ ጥያቄው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ማውሱ ነው።»

ይህን የሰማ አባት እንቅልፍ አይወስደውም።

አውበሬ የት ነው ለምትሉ፣ ከጅጅጋ ወደ ሶማሌላንድ ድንበር ሲኬድ ያለች ከተማ ናት። የቆዩ ካርታዎች ላይ ተፈሪ በር ተብላ ነው የምትገኘው። ስሟን ያገኘችው ዛሬም ድረስ መካነ መቃብራቸው ከሚዘየረው ከሼኽ አውበሬ ነው። ለዓመታት የሶማሊያ ስደተኞችን አስጠልላ የኖረች ከተማ ነች። ጅጅጋ ገበያ፣ ድንበር ላይ ወጃሌ ገበያ፣ እኛ ደግሞ መሐል። እዚህ ኮምፒውተር ሲበላሽ ወደ አንዱ አቅጣጫ ተሸክሞ መሄድ ነው።

«ጣለው»

ምክር የጠየቅሁት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «ጣለውና ሌላ ግዛ።»

ሽማግሌው ዴል ኦፕቲፕሌክስ የሚባለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ይህ ፕሮሰሰር በፈረንጆቹ 2012 ገበያ ላይ የወጣ ነው። እኔ በ2009 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ ያገለገለ ብዬ ስገዛውም ወጣት አልነበረም።

ሌላ ግዛ ማለት ቀላል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ከ130 አለፈ። ኮምፒውተር አገር ውስጥ አይበቅልም፤ ዋጋው ዶላሩን ተከትሎ ወጣ። የጠየቅሁት ያገለገለ ላፕቶፕ 38 ሺህ ብር ተባለልኝ። ያገለገለ ነው ያልኳችሁ፣ አዲስ አላልኩም። የመምህር ደሞዝ የምታውቁ አስሉት፤ ቤት ሳይበላ፣ ሳይለበስ የስንት ወር እንደሆነ።

ላይ ደግሞ ሌላ ዱብ ዕዳ ነበር። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ የደህንነት ማሻሻያ አቁሟል። ቀጣዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። የሽማግሌው ሦስተኛ ትውልድ ነው። በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደህና የሚሠሩ ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን «ያረጁ» የተባሉት እንዲህ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያለው ሰው ተበሳጭቶ አዲስ ይገዛል። የሱ አሮጌ ዱባይ ደርሶ፣ ከዱባይ በርበራ፣ ከበርበራ ወጃሌ ይመጣና እኛ ጋ «አዲስ» ይባላል።

ፍተሻው

ጅጅጋ የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ደወልኩለት። «መዓሊን፣ ሳይታይ አይጣልም። ይዘኸው ና» አለኝ። በእነሱ ቋንቋ መምህርን «መዓሊን» ነው የሚሉት፤ ባደገም በወለደም ተማሪ አፍ ስሙ አይቀየርም።

ሳጥኑን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። ከድንበር በኩል የሚመጣ ዕቃ ይታያል፤ ልክም ነው። ፈታሹ ወጣት ልጅ ነው። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገና «ይሄ ከወጃሌ ነው?» አለኝ።

«የቤቴ ነው። ለጥገና ነው የምወስደው።»

«ደረሰኝ አለው?»

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያገለገለ ብዬ የገዛሁት ዕቃ ምን ደረሰኝ አለው? ዕቃው የእኔ ነው፤ ግን የእኔ መሆኑን የሚናገር አንድም ወረቀት የለኝም። ለዓመታት ሰሌዳ ላይ «ዜጋ የንብረት ባለቤት የመሆን መብት አለው» ብዬ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ላብ አጠመቀኝ። ተሳፋሪው ዝም ብሎ ያያል። ሾፌሩ ሰዓቱን ያያል።

በመጨረሻ የጎኑን ክዳን ከፈትኩለት። ውስጡ አቧራ ነው። አቧራ ስላችሁ የጣት ውፍረት ያለው፣ የእኛ አገር ነፋስ ለዓመታት ያጠራቀመው፣ ማራገቢያው ላይ እንደ ጥጥ የተጋገረ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አስነጠሰው፣ ከዚያ ሳቀ። «ሂድ መምህር፣ ይሄ አቧራ ኮንትሮባንድ አይደለም» አለኝ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ጅጅጋ እስክደርስ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይላወስ ነበር። ያኔ ወሰንኩ፤ ለሽማግሌው የምገዛው ነገር ካለ ደረሰኝ ይኖረዋል። ይህች ውሳኔ ምን እንዳስከፈለችኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መዝገብ ቤቱ

ተማሪዬ ኮምፒውተሩን አበራው። እየጠበቅን ሻይ አዘዘልኝ፤ እሱም ሻዩን ያዘዘው ስለሚያውቅ ነው። በመጨረሻ ሲነሳ ታስክ ማናጀርን ከፈተና ሁለት ቁጥር አሳየኝ። ፕሮሰሰር፣ 8 በመቶ። ዲስክ፣ 100 በመቶ።

«አየህ መዓሊን፣ አንጎሉ ተቀምጧል። የሚጠብቀው ዲስኩን ነው።»

ነገሩን በራሴ መንገድ ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት አስቡ። ኃላፊው ፈጣን ነው፤ ፋይል ከቀረበለት ወዲያው ይፈርማል። ይህ ፕሮሰሰሩ ነው። ጠረጴዛው ግን ትንሽ ናት፤ አራት ፋይል ብቻ ነው የምትይዘው። ይህች ራሟ ናት። አምስተኛው ፋይል ሲፈለግ አንዱ ተነስቶ ወደ መዝገብ ቤት መመለስ አለበት። መዝገብ ቤቱ ሃርድ ዲስኩ ነው፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ደግሞ አንድ እግራቸውን የሚያማቸው አዛውንት ናቸው። እያንዳንዱን ፋይል እየሄዱ፣ እየፈለጉ፣ እየተመለሱ። ባለጉዳዩ ወረፋ ላይ ቆሞ ኃላፊውን ይረግማል። ኃላፊው ግን እጁን አጣጥፎ ነው የተቀመጠው።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ሃርድ ዲስክ በእውነትም ይሄዳል። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚንቀሳቀስ መርፌ መሰል ክንድ አለ። የኔው በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል። ፈጣን ይመስላል። ግን እዚህም እዚያም የተበተነ መረጃ ሲጠየቅ ክንዱ ተንቀሳቅሶ፣ ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስ ስለሚጠበቅ በሰከንድ መቶ ገደማ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ማከማቻ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ሁሉም ቺፕ ላይ ነው፤ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ ይመልሳል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ነው የሚጠራው። የ11 ደቂቃው ምስጢር እዚህ ነበር።

ከዚያ ልጁ ሌላ ፕሮግራም ከፈተና ፊቱ ተቀየረ። «መዓሊን፣ ዲስኩ ዝግታ ብቻ አይደለም ችግሩ። እየሞተ ነው።»

የተበላሹ ቦታዎች ነበሩበት። ዲስኩ አንዱን ቦታ ማንበብ ሲያቅተው ደጋግሞ ይሞክራል፤ ዝግታው በከፊል ከዚያ ነው። እኛ ሽማግሌ አረጀ ብለን ስንስቅበት፣ ለካ ሰውዬው ታሞ ኖሯል።

ያን ጊዜ የመጣብኝ የፈተና ወረቀቶቼ አይደሉም። የአባቴ ድምፅ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ዕድሜውን ያሳለፈው በድሬዳዋና በጅጅጋ መንገድ ላይ ነው። ከማረፉ በፊት ሦስት ጊዜ አስቀምጬ በስልኬ ቀድቼዋለሁ። አንዱ ስለ ሥራው፣ አንዱ ከእናቴ ጋር ስለተጋቡበት ጊዜ፣ አንዱ በመስከረም 1970 ጅጅጋ ስትያዝ እንዴት እንደወጡ። ስልኩ ጠፋ። ሦስቱም የቀሩት እዚህ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ቅጂ ልይዝ ስል ስንት ዓመት አለፈ? ነገ፣ ነገ ስል።

ደረሰኙ

ልጁ የሚያስፈልገውን ጻፈልኝ። አንደኛ፣ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ። ሁለተኛ፣ ራሙን ወደ 8 ጊጋ የሚያደርስ ተጨማሪ 4 ጊጋ፤ ዲዲአር ሦስት የሚባለው አሮጌው ዓይነት። ሦስተኛ፣ የሰዓቱ ባትሪና ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ተርማል ፔስት፤ የድሮው ደርቆ እንደ ኖራ ሆኖ ነበር።

ራሙን እሱ ራሱ ከሌላ ከተበላሸ ኮምፒውተር አውጥቶ በ1,300 ብር ሰጠኝ። በዓለም ገበያ የሜሞሪ ዋጋ ካለፈው መስከረም አካባቢ ጀምሮ ሽቅብ ነው፤ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት እየጠረጉት ነው ይባላል። የእኔ ዓይነቱ አሮጌ ራም ግን ከሬሳ ላይ የሚነሳ ስለሆነ ብዙም አልነካውም። አንዳንዴ ወደ ኋላ መቅረትም ይጠቅማል።

ኤስኤስዲው ነው ጣጣ ያመጣው። ወጃሌ ላይ 2,900 ብር። ጅጅጋ ያለ ደረሰኝ 3,700። በደረሰኝ ስል ሁለት ሱቅ «የለንም» አለኝ፣ ሦስተኛው ሳቀብኝ፣ አራተኛው 5,200 አለ።

ለልጄ ደወልኩላት። የ2,300 ብር ልዩነት ለእኛ ቤት ቀላል አይደለም፤ የእሷ የማጠናከሪያ መጽሐፍም ከዚያው ኪስ ነው የሚወጣው። እሷ ግን ያለችኝ ይህ ነው፦ «አባዬ፣ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?» ስለ ኮንትሮባንድ ማለቷ ነው። አገር የሚያደማ ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌላት፣ ፈተና አውጥቼባት፣ አርሜላታለሁ።

ከፈልኩ። 5,200 ብር፣ ከነደረሰኙ።

ዕቃውን ይዤ ስመለስ ተማሪዬ ካርቶኑን አገላበጠና አንድ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት አሳየኝ። የዱባይ ሱቅ ዋጋ ነው፣ በድርሃም የተጻፈ። «መዓሊን፣ ወላሂ ይሄም በየትኛው መንገድ እንደመጣ አላህ ነው የሚያውቀው» አለኝ። ምናልባት በሥርዓቱ ቀረጥ ተከፍሎበት ገብቷል። ምናልባት ደግሞ እኔ የገዛሁት ዕቃውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። እስካሁን አላውቅም።

እዚህ ላይ የምትከራከሩኝ ትኖራላችሁ። አንዱ «ሞኝ ነህ፣ የድንበር ሰው ሆነህ» ይለኛል። ሌላው «አበጀህ» ይላል። እኔ ሁለቱንም አልፈልግም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አንድ ዜጋ ሕግ አክብሮ ሲገዛ ወደ እጥፍ የሚጠጋ የሚከፍል ከሆነ፣ ሕግ ማክበር የሀብታም ቅንጦት አልሆነም ወይ? ለድንበር አካባቢ ነዋሪ የተፈቀደ አነስተኛ ንግድ የሚባል አሠራር አለ፤ የታሰበው ግን በዋናነት ለምግብና ለቤት ፍጆታ ነው። አንድ ኤስኤስዲ ከአንድ ኪሎ ስኳር ይቀላል፤ መዳፍ ላይ ትገባለች። ነዋሪው ለራሱ፣ ለአንድ ኮምፒውተር፣ ተመዝግቦና ልኩን ቀረጥ ከፍሎ የሚያስገባበት ጠባብ በር ቢከፈት መንግሥትም ቀረጡን ያገኛል፣ ፈታሹም አቧራ ከማሽተት ይድናል።

ያቺ ሌሊት

ያን ቀን ጅጅጋ ዘመድ ቤት አደርኩ። ልጁ ሌላውን ሁሉ ከመንካቱ በፊት የዲስኩን ፋይሎች ወደ ሌላ ማስቀመጫ መገልበጥ ጀመረ። ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት ስደርስ ግልበጣው ግማሽ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እንደገና ተጀመረ። የሚሞት ዲስክ ሁለት ጊዜ እንዲሮጥ ሲጠየቅ የሚያሰማውን ድምፅ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ከሰዓት በኋላ አለቀ። ልጁ ጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ቅጂ ከዳር እስከ ዳር ደህና። ሁለተኛው፣ የእናቴ ነገር፣ ደህና። ሦስተኛው ጀመረ። አባቴ መኪናውን እንዴት እንደጫነ፣ ጎረቤቶቹን እንዴት እንዳሳፈረ፣ የጋሪ ፈረስ እንዴት መንገድ ላይ እንደቀረ ይናገራል። ካራማራን መውጣት ሲጀምሩ ይቆማል። 14ኛው ደቂቃ ላይ። ቀሪው የተበላሸው ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው።

ልጁ ደጋግሞ ሞከረ። አልሆነም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አስታውሳለሁ፤ አባቴ ብዙ ጊዜ ተርኮልኛል። ግን የማስታውሰው በእኔ ድምፅ ነው።

30 ሰከንድ

ኤስኤስዲው ገባ፣ ራሙ ገባ፣ አቧራው በብሎወር ተነፋ፤ ሱቁ በር ላይ ደመና ቆመ። የሰዓቱን ባትሪ ስንቀይር ልጄ ትዝ አለችኝ። ይህች ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ወደ ፈረንጆቹ ጥር 1 ቀን 2012 ይመለስ ነበር። ልጄ በአንድ ወቅት «አባዬ፣ ኮምፒውተሩ በእኛ አቆጣጠር መሄድ ጀመረ እንዴ?» ብላ ያሳቀችን ነገር ነው። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነበር። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የድረ ገጾችን የደህንነት ሰርተፍኬት ማረጋገጥ ስለማይችል «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይዘጋል። እኛ ግን ለብዙ ወራት ኔትወርኩን ስንረግም ነው የኖርነው።

ለሶፍትዌሩ ሁለት መንገድ ወሰድን። ዊንዶውስ 10ን ለቆዩት ጽሑፎቼ ብቻ አስቀረን፤ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። ለልጄ ደግሞ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫነልን። ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ያልጣልኩት ለምን እንደሆነ የእኔ ዘመን ሰው ይገባዋል። የግዕዝ ፊደል የዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እኛ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በፓወር ግዕዝ ስንጽፍ ቆይተናል። ያ ፊደል የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የድሮ ጽሑፌን ስከፍት የሚወጣው የላቲን ፊደል ትርምስ ነው። የአሥር ዓመት ፈተናዎቼ እዚያ ውስጥ ተቆልፈዋል። አንድ ቀን ተቀምጬ እቀይራቸዋለሁ። ነገ አልልም፤ «ነገ» ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

አውበሬ ተመልሼ ስንሰካው ባለቤቴ እንደ ልማዷ ሻይ ጣደች። ውሃው ሳይሞቅ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ጠበቃት። 30 ሰከንድ አልሞላም። ጠቅላላ ወጪው የእጅ ዋጋውን፣ ባትሪውንና ፔስቱን 900 ብር ጨምሮ 7,400 ብር ሆነ። ከ38 ሺሁ አንድ አምስተኛ አይሞላም።

ልጄ በየምሽቱ ትቀመጥበታለች። ሰዓት እየቆጠረ የሚያስፈትን የመለማመጃ ጥያቄ ትሠራለች። ሐምሌ 2016 በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ተመዝግባለች። ማውሱ አሁን አያስፈራትም። ፈተናው ገና ነው፤ ምን እንደሚመጣላት አላውቅም። ቢያንስ የሚፈትናት ጥያቄው ይሆናል፣ ዕቃው አይደለም።

እንግዲህ ወደ ትልቁ ነገር

ሁሉም አሮጌ ኮምፒውተር ይታደሳል እያልኩ አይደለም። ዲዲአር ሁለት ራም የሚጠቀም፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ያበጡ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ወንድሜ ያለኝም ልክ ነው፦ «ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ የአንተ ሽማግሌ መብራት ሲሄድ ይሞታል።» እውነት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እኔም ለዚህ መልስ የለኝም፣ ለዩፒኤስ ገና እያጠራቀምኩ ነው።

ግን አንድ ነገር አስቡልኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የኔን የሚመስሉ ስንት ሽማግሌዎች «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብለው ጨረታ እየጠበቁ ተደርድረዋል? የብዙዎቹ ሕመም የእኔው ነው፤ አንጎሉ ደህና፣ መዝገብ ቤቱ የደከመ። በየከተማው የቴክኒክና ሙያ ተማሪ አለ፤ የሚለማመድበት ዕቃ ይፈልጋል። በየትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ማውሱን በፈተና ቀን የሚጨብጥ ልጅ አለ። ሦስቱን ለማገናኘት የሚያስፈልገው በአንድ ኮምፒውተር አንድ ኤስኤስዲና አንድ ራም ነው። ይህን ለማድረግ ሪባን የሚቆረጥበት ምርቃት ስለማይኖር ይሆን እስካሁን ያልተደረገው?

እኛ ነገር ሲዘገይብን ቶሎ የምንለው «ይቀየር» ነው። ኃላፊው ይቀየር፣ ሕንፃው ይቀየር፣ ሲስተሙ ይቀየር። ብዙ ጊዜ ግን ኃላፊው 8 በመቶ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። የታመመው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማንም ከፍቶ አላየም። መጀመሪያ ክዳኑ ይከፈት፣ አቧራውም ይታይ።

ለእናንተ ደግሞ ሁለት የቤት ሥራ አለኝ። አንደኛ፣ ኮምፒውተራችሁ የዘገየባችሁ ሰዎች ከመሸጣችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀሩን እዩ። ዲስኩ 100 ላይ ከቆመና ፕሮሰሰሩ ከተኛ፣ በሽታውን አግኝታችኋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ይበልጥብኛል። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፎቶ፣ አንድ ቦታ ብቻ ያለ የወላጅ ድምፅ ካላችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ሳትተኙ፣ ፍላሽ ላይ ገልብጡትና ለወንድም ለእህት ላኩት። የአባቴ ሁለት ቅጂና ግማሽ አሁን በአራት ቤት ይገኛል። የቀረው ግማሽ ግን የትም የለም።

ሰላም እደሩ።